ሥራ ስገባ ወተቴ ይነጥፍ ይሆን?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። የምሠራው ቂሊንጦ አካባቢ በአንድ ልብስ ስፌት ፋብሪካ፣ ጥራት ቁጥጥር ላይ። ልጄ ሦስት ወር አልፎታል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሥራ እገባለሁ። ጠዋት 12:30 ከቤት ወጥቼ ማታ 12 ሰዓት ነው የምመለሰው። አማቴ ‹የታለበ የጡት ወተት ይበላሻል፣ ሆዱን ይነፋዋል፤ የላም ወተት በውሃ አቅጥነን እንስጠው› ይላሉ። ጎረቤቴ በቻርጅ የሚሠራ ማለቢያ ግዢ አለችኝ፤ ዋጋው ግን ከደሞዜ ብዙ አይተናነስም። ፋብሪካው ለሠራተኛ የሚሆን ፍሪጅ የለውም፤ ሰፈራችንም መብራት ይጠፋል። አንዲት ባልደረባዬ ሥራ በገባች በወሩ ወተቷ ነጠፈ። የእኔስ ይነጥፍ ይሆን? ምን ላድርግ?»

ምላሽ፦ እህቴ፣ ከጥያቄሽ መጨረሻ ልነሣ። አዋላጅ ነርስ ነኝ፤ እንደ ባልደረባሽ ያሉ ብዙ እናቶች አይቻለሁ። እንደምገምተው ወተቷን ያነጠፈው ፋብሪካው አይደለም፤ ጡቷ ከጠዋት እስከ ማታ እንዳጋተ መዋሉ ነው። ላም ያለበት ቤት ያደገ ሰው ይህን ያለ ሐኪም ያውቀዋል። በደንብ ሳትታለብ የሰነበተች ላም እየቀነሰች ሄዳ ትነጥፋለች። የእኛም ጡት ሕጉ ያው ነው። ወተት ጡት ውስጥ በቆየ ቁጥር ወተቱ ውስጥ ያለ ንጥረ ነገር ወተት የሚሠሩትን ሕዋሳት «ቀስ በሉ» ይላቸዋል፤ ጡቱ ሲራገፍ እንደገና ይፈጥናሉ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ጡትሽ የሚፈነዳ ይመስልሻል። በሦስተኛው ሳምንት ማጋቱ ይቀርና «ተመስገን፣ ለመድኩት» ትያለሽ። ያን ጊዜ ነው መደንገጥ።

ስለዚህ ከማለቢያው ዋጋ በፊት የሚታሰበው በቀን ስንት ጊዜ እንደምታልቢ ነው። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ በየሁለት ሦስት ሰዓቱ ይጠባል፤ አንቺ ከቤት ርቀሽ የምትቆይው አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ሦስት ጊዜ ማለብ ይኖርብሻል፤ 4 ሰዓት ላይ በሻይ፣ በምሳ፣ ከዚያ 9 ሰዓት አካባቢ። ሁለቴ ብቻ ከተመቸሽም ይሁን፣ ሌሊቱ ያካክስልሻል። አንዴ ግን ለሦስት ወር ልጅ እናት አይበቃም።

ማለቢያውን ለጊዜው እርሺውና ሁለቱን እጆችሽን እንመልከት። ብዙ ሰው በእጅ ማለብ የድሮና የድሃ ዘዴ ይመስለዋል። እኔ ግን ማሽን ያላትንም እናት መጀመሪያ የማስተምረው እሱን ነው፤ መብራት አይፈልግም፣ የሚቀቀል ዕቃው አንድ ብርጭቆ ብቻ ነው፣ ሰርቪስ ላይ አይረሳም።

እጅሽን በሳሙና ታጠቢና ጀርባሽን ደግፈሽ ተቀመጪ። አፉ ሰፋ ያለ፣ የተቀቀለ ብርጭቆ ጭንሽ ላይ አድርጊ። አውራ ጣትሽን ከጡትሽ ጫፍ በላይ፣ ሌባ ጣትሽን ከበታቹ አኑሪ፤ ከጫፉ ሁለት ጣት ያህል ወደ ኋላ ይራቁ። ብዙ ሴቶች ላይ ይህ ጥቁሩ ክብ የሚያልቅበት ቦታ ነው። አሁን ሁለቱንም ጣቶች መጀመሪያ ወደ ደረትሽ፣ ወደ ጎድን አጥንትሽ ግፊ። ከዚያ እዚያው እንዳሉ አቀራርበሽ ጨመቅ አድርጊ። ልቀቂ። እንደገና። ጣትሽ ቆዳው ላይ መንሸራተት የለበትም፣ ጫፉንም አትሳቢው፤ ጫፍ መሳብ ያቆስላል እንጂ ወተት አያመጣም። የሚያምሽ ከሆነ አያያዝሽ ተሳስቷል ማለት ነው።

የመጀመሪያውን አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብታ ብቻ ታያለሽ። ብዙዎች ተስፋ ቆርጠው የሚያቆሙት እዚህ ላይ ነው። አታቁሚ። ድንገት ጡትሽ ውስጥ ውርር የሚል ስሜት ይመጣና ወተቱ በሦስት በአራት ቀጭን ክር ብርጭቆውን ይመታዋል፤ ድምፁ ራሱ ይለወጣል። ፍሰቱ ሲደክም ጣቶችሽን በክቡ ዙሪያ እያዞርሽ ከጎንም ከጎንም እለቢ፤ አንደኛው ጡት ሦስት አራት ደቂቃ፣ ሌላው እንዲሁ፣ ከዚያ ተመልሰሽ ሁለቱንም ድገሚ። መጀመሪያ ግማሽ ሰዓት ይፈጅብሻል፤ ከለመድሽው በኋላ ሃያ ደቂቃ ይበቃሻል። ወተቱን የሚያወርደው ሆርሞን ኦክሲቶሲን ይባላል፤ ችኮላና ድንጋጤ ለጊዜው ያግደዋል። ልጅሽ ሲስቅ የተቀረጸ ቪዲዮ ስልክሽ ላይ ካለ ያን ጊዜ ክፈቺው። ያደረበትን ልብስ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ ገብታ እያሸተተች የምታልብ እናት አውቃለሁ፤ ይሠራላታል።

ልምምዱን ዛሬውኑ ጀምሪ። ምቹው ሰዓት ጠዋት ነው፤ እሱ አንዱን ጡት ሲጠባ ሌላውን እለቢ። መጀመሪያ ቀን የብርጭቆው ሥር ብቻ ቢሸፈን እንዳትደነግጪ፣ ልጅሽ ጠብቶ የተረፈው ነውና።

መጠኑን በተመለከተ እናቶች ሳያስፈልግ ይጨነቃሉ። ጡት ብቻ የሚጠባ ልጅ ከአንድ ወር እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ በአማካይ 750 ሚሊ ሊትር ገደማ ይጠጣል፤ ስለዚህ በሰዓት 30 ሚሊ ብለሽ አስቢ። ለአንቺ ቀን 350 ሚሊ ገደማ ይመጣል። በር ላይ አጥብተሽው ከወጣሽና እንደገባሽ ካጠባሽው ከዚያም ሊያንስ ይችላል። ሥራ ከመግባትሽ በፊት የሁለት ቀን ቀለብ ይኑርሽ፤ ከዚያ ወዲያ ሰኞ ያለብሽውን ማክሰኞ ይጠጣል፣ የማክሰኞውን ረቡዕ። በኢንተርኔት የምታዪው ወተት የሞላ ፍሪዘር ለአንቺ አያስፈልግሽም፤ መብራት በጠፋ ቁጥርም የሚያስለቅስሽ እሱ ነው።

አሁን ማስቀመጡ። የታለበ የጡት ወተት ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ክፍል ውስጥ 4 ሰዓት ይቆያል። የአዲስ አበባ አየር እዚህ ላይ ያግዘናል፤ ጥላ ውስጥ ቤታችን አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በታች ነው። የስፌት ፋብሪካ አዳራሽ ግን ሌላ ነገር ነው፤ በተለይ ካውያው ያለበት አካባቢ እንዳታስቀምጪው። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ያለብሽው ወተት ማታ እስክትገቢ ስምንት ሰዓት ስለሚቆይ በረዶ የግድ ነው። ዘዴው ቀላል ነው። ሁለት የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውሃ አቀዝቅዘሽ በረዶ አድርጊ፤ ፍሪዘር ከሌለሽ ቀዝቃዛ ውሃ የሚሸጠው የሰፈር ሱቅ አያስቸግርሽም። ሙቀት የማያስገባ የምሳ ቦርሳ ውስጥ ጠርሙሶቹን መሀል፣ የወተቱን ዕቃ ከጎናቸው አስጠግተሽ በወፍራም ፎጣ ጠቅልይው፣ በየደቂቃውም አትክፈቺው። በረዶው ሳይቀልጥ እስካለ ድረስ ወተቱ እስከ 24 ሰዓት ይጠበቃል። ፋብሪካችሁ ክሊኒክ ካለው «የክሊኒኩ ፍሪጅ ላይ ላስቀምጠው?» ትይ ይሆናል። የክትባት ፍሪጅ ከሆነ አይቻልም፤ እኔም ጠይቀውኝ ከልክያለሁ፣ ብጠየቅ ዛሬም እከለክላለሁ።

በረዶ ያልተገኘ ቀንስ? ማለቡን አትተዪ። የ9 ሰዓቱን ቤት ታደርሺዋለሽ፤ የጠዋቱንና የምሳውን የሚወስድልሽ ሰው ከጠፋ ድፊው። ወተት መድፋት ሆድ እንደሚያባባ አውቃለሁ። ግን ያን ቀን ያለብሽው ለነገው ወተት ስትይ ነው።

ቤት ስትደርሺ ፍሪጅ ውስጥ ወደ ኋላ አስገብተሽ አስቀምጪ፤ በሩ ላይ ሙቀቱ ይለዋወጣል። ፍሪጅ ውስጥ 4 ቀን ይቆያል፣ በደንብ በሚያቀዘቅዝ ፍሪዘር እስከ 6 ወር። በረዶ ሆኖ የነበረ ወተት አንዴ ከቀለጠ በፍሪጅ በ24 ሰዓት ውስጥ ይጠጣ፣ ተመልሶ ፍሪዘር አይግባ። መብራት ሲጠፋ ፍሪጁን አትክፈቺው፤ ካልተከፈተ አራት ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ማጠራቀሚያው ክዳን ያለው ብርጭቆ ወይም ለምግብ የተሠራ ጠንካራ ፕላስቲክ ይሁን። ሃይላንዱ ለበረዶው ብቻ ነው፤ አፉ ጠባብ ስለሆነ ውስጡ በእጅ አይታጠብም። ክዳኑ ላይ ፕላስተር ለጥፈሽ ቀኑን ጻፊበት።

ወደ አማትሽ ልምጣ። ያሉትን አትናቂባቸው፤ ፍርሃታቸው ከባዶ የመጣ አይደለም። ንጹሕ ባልሆነ ዕቃ የዋለ ወተት ተቅማጥ አምጥቶ ሕፃን ሲገድል ያዩ ትውልድ ናቸው። ክርክሩን ተዪና አሳዪአቸው። ማታ ያለብሽውን በብርጭቆ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሪው፤ ጠዋት ላዩ ላይ ቅባቱ ተንሳፎ፣ ሥሩ ሰማያዊ መሳይ ቀጭን ሆኖ ታገኙታላችሁ። ብዙ ሰው ይህን አይቶ «ተበላሸ» ብሎ ይደፋዋል። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አቁመሽ ብርጭቆውን ቀስ አድርገሽ አዙሪው፣ ቅባቱ ይመለሳል። ቅመሺው፣ ይቅመሱትም። አንዳንዱ ፍሪጅ ውስጥ ሲቆይ የሳሙና ሽታ ሊኖረው ይችላል፤ ልጁ ከጠጣው ችግር የለውም። የኮመጠጠ ነው የሚደፋው። እሳት ላይ አይፈላም፣ ማይክሮዌቭም አይገባም፤ እሳት ጠቃሚውን ነገር ይገድለዋል፣ ማይክሮዌቭ ደግሞ እዚህም እዚያም አግሎ አፉን ያቃጥለዋል። «ዓይን ያርፍበታል» ካሉ በነጠላ ሸፍኚው፤ ጉዳት የለውም፣ እሳቸውም ደስ ይላቸዋል።

በላም ወተቱ ላይ ግን ወደ ኋላ አትበይ። ለሦስት ወር ልጅ የላም ወተት ጨውና ፕሮቲኑ ለኩላሊቱ ይከብዳል፣ ብረቱ ጥቂት ነው፣ አንዳንድ ሕፃን ላይም በዓይን የማይታይ የአንጀት መድማት ያመጣል። በውሃ ሲቀጥን ደግሞ የሚያጠግበው ነገር ይቀንሳል። አንድ ዓመት እስኪሞላው በዋና መጠጥነት አይሰጥ። አብሽም፣ ውሃም፣ አጥሚትም ስድስት ወር እስኪሞላው ይቆዩ፤ አጥሚቱን አንቺ ጠጪው። የአንቺ ወተት በእርግጥ አልበቃ ካለ ጤና ጣቢያ ይዘሽው ሂጂና ክብደቱ ይታይ፤ መጨመር ካስፈለገም የሚጨመረው ለሕፃን የተዘጋጀ የዱቄት ወተት ነው።

ለአማትሽ ሥራ ስጫቸው። «እማዬ፣ እርስዎ ካላጠጡት ማን ያጠጣልኛል?» በያቸው። ማጠጫው ደግሞ ቤትሽ ነው ያለው፤ ሲኒ። የቡና ሲኒ ጆሮ የለውም፣ ጠርዙ ለስላሳ ነው፣ በአንድ ምት ይታጠባል፣ ከጡጦ ጋር ሲወዳደር ጀርም የሚደበቅበት ጥግ የለውም። ለልጁ ብቻ የሚሆን አዲስ ሲኒ ለዩለት። ልጁ ጭናቸው ላይ ቀና ብሎ ይቀመጥ፤ የሲኒው ጠርዝ የታች ከንፈሩን ይንካ፤ ወተቱ ከንፈሩ ጋ እስኪደርስ ብቻ ሲኒውን ያዘንብሉት። አፉ ውስጥ አያፍስሱበት። ምላሱን አውጥቶ እንደ ድመት ግልገል እየላሰ ራሱ ይጠጣል። የመጀመሪያ ቀን ግማሹ ደረቱ ላይ ይቀራል፣ በሦስተኛው ቀን ጎበዝ ይሆናል። አንቺ ግን በዚያ ሰዓት ከቤት ውጪ፤ ጡትሽ እያለ ሽታሽን አውቆ ሲኒ አይቀበልም። አንድ ጊዜ 60 ሚሊ ይቀርብለት፣ ከፈለገ ይጨመር። አፉ ከነካው የተረፈውን ከሁለት ሰዓት በላይ አታቆዩት።

ፋብሪካው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደሞዝ ይሰጥሻል። ከተመለስሽ በኋላ «ለማለብ ይህን ያህል ደቂቃ» የሚል አንቀጽ ግን አታገኚበትም። በ2010 በወጣው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 የሕፃናት ማቆያ እንዲቋቋም ተጽፎ ነበር፤ ያ ለአንቺ ፋብሪካ አይሠራም። ስለዚህ የአንቺ ነገር በንግግር የሚያልቅ ነው፣ ንግግሩም አሁን ነው የሚደረገው፤ መስመሩ ላይ ሸሚዝ እየተቆለለ፣ ደረትሽ እርሶ ቆመሽ መደራደር አትችይም።

ይህን የምለው ስላየሁት ነው። የመጀመሪያ ልጄን ወልጄ በተመለስኩበት ጤና ተቋም ጠዋት ጠዋት ለእናቶች ስለ ጡት ማጥባት ትምህርት እሰጥ ነበር፤ ከሰዓት መድኃኒት መጋዘን ውስጥ በካርቶኖች መሀል ቆሜ፣ በሩን በእግሬ ይዤ አልብ ነበር። አንድ ቀን የመጋዘኑ ሠራተኛ ገፍቶ ገባና ብርጭቆዬ ወደቀ። ማንንም አልተናገርኩም። ያን ቀን አለቃዬን አንድ ቁልፍ ብጠይቀው ይሰጠኝ እንደነበር የገባኝ ዓመት ቆይቶ ነው።

ከመግባትሽ በፊት አንድ ቀን ሂጂና ሱፐርቫይዘርሽን፣ ቀጥሎ የሰው ኃይሉን አነጋግሪ። «ልጄን ጡት አጠባለሁ» ብቻ ካልሽ «እሺ፣ እናያለን» ይሉሻል። ቁርጥ ያለ ነገር ጠይቂ፤ ከምሳ ውጪ ሁለት ጊዜ ሃያ ሃያ ደቂቃ፣ እስከ ስድስት ወሩ ድረስ፣ ከውስጥ የሚቀረቀር አንድ ክፍል። የናሙና ልብስ ማስቀመጫም ይሁን፣ የክሊኒኩ አንድ ጥግ በመጋረጃ ተከልሎም ይሁን፣ ወንበርና በአቅራቢያው የእጅ መታጠቢያ ካለው በቂ ነው። ደቂቃውን ከሥራ ሰዓቱ ወስደሽ በኋላ የምትተኪው ከሆነ ያንኑ ንገሪያቸው። በወረቀት ጻፊው፤ ሱፐርቫይዘር ይቀየራል። ሌሎች አራስ የነበሩ ባልደረቦች ካሉ አብራችሁ ግቡ፣ ሦስት ሆናችሁ ስትጠይቁ ቁልፉ ቶሎ ይገኛል። መጸዳጃ ቤት ካሉሽ አትቀበይ፤ እጅሽ በሩንም ውሃ መልቀቂያውንም ይነካል፣ የሚቀመጡበት የለም፣ ሰው እያንኳኳ ወተት አይወርድም።

ማለቢያውን ግዢ አልልሽም፣ አትግዢም አልልሽም። በእጅሽ ሁለት ሳምንት ሞክረሽ ሰዓቱ ካልበቃሽ በእጅ የሚጨመቀው ዓይነት በጣም ይረክሳል፣ ቻርጅም አይፈልግም። ስትገዢ ጡት ላይ የሚደፋውን ፈነል መሳይ ክፍል ተመልከቺ፤ የጡትሽ ጫፍ ውስጡ ሳይታሽ ይንቀሳቀስ፣ ጥቁሩ ክብ ግን ብዙ አይሳብ። ጠቦሽ ያመመሽን «ማሽኑ ነው» ብለሽ አትቻይው፣ መጠኑ ይቀየር። ሌላ ሴት የተጠቀመችበትን አሮጌ የኤሌክትሪክ ማለቢያ አልመክርም፤ ብዙዎቹ ወተት ወደ ሞተሩ ሊያስገቡ ይችላሉ፣ ውስጡ ሻጋታ ቢይዝ አታዪውም።

ዕቃው ሁሉ በተጠቀምሽበት ቁጥር በሳሙና ይታጠብ፣ በቀን አንዴ ይቀቀል። እኛ ከፍታ ላይ ስለሆንን ውሃችን 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው የሚፈላው፤ መፍላት ከጀመረ በኋላ አሥር ደቂቃ ስጪው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ለዚህ የሚሆን አንድ ጀሪካን ለብቻ ይቀመጥ።

ጡትሽ አንድ ቦታ ቋጥሮ ካመመሽ በኃይል አታሺው፤ ማሸቱ እብጠቱን ያባብሰዋል። ቀዝቃዛ ጨርቅ አድርጊበት፣ ማጥባቱን እንደ ወትሮው ቀጥይ፣ ጡት መያዣሽ አይጥበቅ። ቀልቶ ከጋለና ትኩሳት ብርድ ብርድ ካመጣብሽ «ምች ነው» ብለሽ አትተኚበት፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ጤና ጣቢያ ሂጂ። የሚታዘዝልሽ መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ ከማጥባት ጋር ይሄዳል፤ የምታጠቢ መሆንሽን ግን ንገሪያቸው።

አንድ ነገር ሳልነግርሽ ብቀር ትደነግጫለሽ። ሥራ ከገባሽ በኋላ ልጅሽ ቀን ትንሽ ጠጥቶ ሌሊቱን ጡት ላይ ሊያድር ይችላል። አማትሽ «ወተቱን ስላልወደደው ነው» ይሉሻል። አንቺን ናፍቆ ነው፣ ለወተትሽም ደግ ነገር ነው፤ ወተት የሚያሠራው ሆርሞን ሌሊት ይጨምራል። ድካሙ ግን ድካም ነው፣ አላቃልልብሽም። ማታ ራት የሚሠራ ሌላ ሰው ይኑር፤ ባልሽ ሽሮ መሥራት ካልቻለ ሁለት ሳምንት አለው፣ ይለማመድ።

የዓመት ፈቃድ ቀሪ ካለሽ ሁለት ሦስት ቀን ጨምረሽበት ሰኞ ሳይሆን ሐሙስ ግቢ። ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ ሠርተሽ እሑድ ይደርስልሻል፤ እሑድን ሲኒውንም ብርጭቆውንም አስቀምጪና ቀኑን ሙሉ ጡት ላይ ይዋል።